ሁመይራ የወለወለችው መስታወት

ሁመይራ የወሎ ልጅ ናት፤ እጇ አቧራ አይቶ አያልፍም። ዐረብ አገር፣ አል ሙሐመዲያ በሚባል ሰፈር በማዳም ቤት አራት ዓመት መስታወት ስትወለውል ኖራ፣ ራካ የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤተ ሙከራ በጽዳት ስትዛወር አመሏም አብሯት መጣ። ምን ዋጋ አለው፣ እዚያ ሙያ ወንጀል ነው!

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ዋርዳ ገና በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቃለች። በረጅሙ ቱቦ ውስጥ የሃይድሮጂን ቅንጣቶች ይከንፋሉ፤ እያንዳንዷ ትርፍ ኤሌክትሮን ይዛለች። የሌዘሩ ብርሃን በመስታወቶች እየነጠረ ይደርስባቸውና ኤሌክትሮኑን እንደ ገለባ ይገፍፈዋል። "ወለሉን ብቻ ጥረጉ። መስታወት ላይ የእጅ ወይም የፈሳሽ ትንሽ እድፍ ካለ ብርሃኑ መስታወቱን ያቃጥለዋል" ብላ ነበር።

እሁድ የጽዳት ባልደረባዋ ሬሀና የዐስር ሶላት ልትሰግድ ስትወጣ ሁመይራ ተራዋን ያዘችላት። አንዱ መስታወት ላይ አቧራ አየች። እጇ ቀደማት፤ እንደ ማዳም ቤት ፈሳሽ ረጭታ ወለወለችውና ደስ ብሏት ሄደች። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ሰኞ ሌዘሩ ሲበራ ፈሳሹ የተወው እድፍ ነዶ መስታወቱ መሃሉ ጠቁሮ ተሰነጠቀ፤ ሙከራው ቆመ።

ተረኛዋ ሬሀና ስለነበረች በጥፋተኝነት የተጻፈው የሷ ስም ነው። የሁለቱም ካፊል፣ ያስመጣቸው ቀጣሪ፣ "ኸላስ፣ አበቃ" አለ፤ ሬሀና ረቡዕ ኹሩጅ፣ የመውጫ ማኅተም፣ ተመቶባት ወደ አገሯ ልትላክ ሆነ። ከመጣች ገና ሰባት ወሯ ነው። ማን እንደወለወለው ብታውቅም ሆድ ይፍጀው ብላ፣ ለሁመይራ "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ የአላህ ቀደር ነው" ከማለት በቀር አልተነፈሰችም። ሁመይራን ያንገበገባት ይኸው ዝምታ ነው። እህል በአፏ ሳይዞር ሁለት ቀን አለፈ። ብትናገር የምትባረረው እሷ ናት።

ረቡዕ ጠዋት ሬሀናን የሚወስደው መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሁመይራ ሳታንኳኳ ዋርዳ ቢሮ ገባች።

"ዶክቶራ፣ ወላሂ እኔ ነኝ። ሬሀና እየሰገደች ነበር።"

ዋርዳ ትክ ብላ አየቻት። "ሬሀናም ትናንት 'እኔ ነኝ' ብላኛለች። የቱን እንደወለወልሽ አሳዪኝ።"

ቱቦው ያለበት ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት መስታወቶች ተደርድረዋል፤ በተቃጠለው ቦታ አዲስ ስለገባ የቱ እንደነበር አይለይም። ሁመይራ ቀጥ ብላ ሄዳ ከመጨረሻው ሦስተኛው ፊት ቆመች።

"የተቃጠለው ይኸ ነው። ሬሀና ያሳየችኝ ግን በሩ አጠገብ ያለውን ነው" አለች ዋርዳ። ስልኳን አነሳች። "መኪናው እንዳይሄድ። ስሙ ተሳስቷል።" ከዚያ እስክሪብቶ ይዛ ዞረች። "ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ።"

ሁመይራ የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም ጠራች። ዋርዳ የሬሀናን ስም ሰርዛ በቦታው ጻፈችው።