ሳላዝን የተላጨሁት ፀጉር

ማንም ሳይሞትብኝ እንደ ሐዘንተኛ ተላጭቻለሁ። የላጨኝም ሰው ምን እንደምፈልግ አልጠየቀኝም። በደሉ ይኸ ነው። ቤተሰቤ ሲያወራው ይሥቅበታል፤ እኔ ግን ነገሩ ቀልድ ሆኖ እንዲቀር ስለማልፈልግ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ነገሩን የቀሰቀሰው የልጅ ልጄ ናሆም ነው። ሰሞኑን ከሚማርበት ከእንጅባራ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። ጎንና ጎኑ እስከ ቆዳው ተልጦ፣ አናቱ ላይ የቀረው እንደ ቆብ ተደፍቷል። ገና ከባጃጅ ሲወርድ ጓደኞቹ ከበቡት።

"ፏ ብለሃል!" አለ አንዱ።

"የምን ፏ! ማን ነው የጋጠህ በለው እንጂ።"

"ሙድ አትያዙብኝ!" እያለ በሁለት እጁ አናቱን ሸፍኖ ወደ ቤት ገባ።

"እንዲህ አድርግልኝ ብለኸው ነው?" አልኩት።

"ኧረ እማማ! ሳይጠይቀኝ ነው የጀመረው።"

"ታዲያ ምን አልከው?"

"መስታወቱን ከኋላዬ ይዞ 'እንዴት ነው?' ሲለኝ 'አሪፍ ነው' አልኩት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማን ይከራከራል?"

እውነቱን ነው። እኔም አልተከራከርኩም።

ያኔ ዳንግላ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ በጋሪ የሚደረስበት መንደር ነው። ታላቅ ወንድሜ አለሙ ዘምቶ ሰሜን ነበር። በዚያ ዘመን ከግንባር መርዶ ያልገባበት መንደር ጥቂት ነው። እናቴ ውሻ በጮኸ ቁጥር ሥራዋን ጥላ በሩን ታይ ነበር። እኔ ደግሞ ልጅ ነኝና የማስበው ስለ ጎፈሬዬ ነበር። አንዲት የከተማ አስተማሪ ጎፈሬዋን ዙሪያውን አስተካክላ፣ ክብ አድርጋ ስትሄድ አይቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መስከረም ጠብቷል፤ አደዩ በየአጥሩ ሥር ፈንድቷል፤ ዝናቡ ግን አልሄድም ብሎ ነበር። ነጠላዬ ታጥቦ ስላልደረቀ የእናቴን ጥቁር ሻርፕ ተከናንቤ ወጣሁ። ለአያቴ ሐዘን ለብሳው የነበረ ሻርፕ ነው። ለእኔ ግን ያኔ ከዝናብ መከለያ እንጂ ሌላ አልነበረም። ለሴት የሚሆን ፀጉር ቤት ስለማላውቅ ወደ ወንዶቹ፣ አለሙን ይቆርጡት ወደነበሩት ወደ አያ ሙላት ዘንድ ገባሁ።

ፀጉር ቤት ሥርዓት አለው። ተራ የያዘ ሰው ለንጉሥም ቢሆን አይለቅም። የሚቆረጠው ሰው ዝም ይላል፣ የሚጠብቀው ደግሞ ያላግጣል። እኔ ስገባ ግን ወሬው ቀጥ አለ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንድ ጢሙን በከፊል የተላጨ ሰውዬ፣ አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ "ነይ እህቴ፣ አንቺ ቅደሚ" አለኝ። ለተማሪ እንዲህ ያለ ክብር እንዳለ አላውቅም ነበር። ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ።

አያ ሙላት ሻርፑን ቀስ አድርገው ከራሴ ላይ አወረዱት። አንሶላውን አንገቴ ላይ አሰሩ። ከዚያ መስታወቱን ወደ ግድግዳው አዞሩት። ይኸኔ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ ሐዘንተኛ መልኳን አትይ ብለው ነው። እኔ የከተማ ወግ መሰለኝ። በእጅ የሚጨመቀውን ቶንዶስ አንሥተው ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ አንዴ ነዱት።

ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? "ተው" ቢባል መሐሉ ሄዷል። ጎፈሬዬ ጭኔ ላይ ሲወድቅ እንባዬ መጣ። እንባዬን ሲያዩ ወንዶቹ በአንድ ድምፅ "እግዜር ያጥናሽ" አሉ።

ስወጣ የክፍሌ ልጆች በረንዳ ሥር የበቆሎ ጥብስ እየጋጡ ቆመዋል።

"አምፖል! ዛሬ ከተማው መብራት አይቸግረውም!" ብሎ አንዱ ጮኸ። ሌላው ሻርፑን አይቶ በክርኑ ጎሸመው፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ስድቡ ይሻለኝ ነበር።

ጋሪው ላይም ባለጋሪው ደህናውን ቦታ አስለቅቆ አስቀመጠኝ። "ማንም አልሞተብኝም!" ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የነበረች ሴት ትከሻዬን አቅፋ "ደንግጣ ነው፣ ተዋት፣ ሲቆይ ይወጣላታል" አለች።

ወሬ ከጋሪ ይቀድማል። ቤት ስደርስ እናቴ "አለሙዬ!" እያለች ደረቷን ትደቃለች፣ ጎረቤት ግቢውን ሞልቶታል። እግሯ ሥር ወድቄ "እማ! ፋሽን ነው! ፋሽን ነው!" አልኳት። ፋሽን ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? በቅዱስ ሚካኤል አስምላኝ፣ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ዓይን ዓይኔን እያየች ቆየች። ለቀስተኛው መሄድ አፈረ፣ መቀመጥም አፈረ፤ በመጨረሻ ለሐዘኑ የመጣውን እንጀራ በልቶ ተበተነ። እናቴ ግን አለሙ በፈቃድ መጥቶ በዓይኗ እስክታየው ድረስ ማመኗ ግማሽ ነበር። ልጇን በቁሙ አንዴ አልቅሳለታለችና። እኔን ያንገበገበኝ ፀጉሬ አይደለም፣ ፀጉር ይበቅላል። የእናቴ ልቅሶ ነው።

በማግሥቱ ሄጄ "ለምን ሳይጠይቁኝ?" አልኳቸው አያ ሙላትን። "ሐዘንተኛ አይጠየቅም፤ ሂጂ" ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ አግብቼ፣ ወልጄ፣ አያት እስክሆን ድረስ በዚያ በር ሳልፍ ሰላም አላልኳቸውም።

እንግዲህ ናሆም እንዲያ ተልጦ ሲመጣ ያ ሁሉ ተነሣብኝ። እጁን ይዤ እዚያው ወሰድኩት። ሱቁን አሁን የያዘው የአያ ሙላት የበኩር ልጅ ነው፤ እሱም ሸብቷል። ናሆምን ወንበር ላይ አስቀምጦ "ምን ላድርግልህ?" ሲለው ሰማሁ። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አወቁኝ፣ አያ ሙላት?"

"በድምፅሽ። የፋሽኗ ልጅ አይደለሽ?"

"ለምን አልጠየቁኝም?"

"ያኔ ነግሬሻለሁ።"

"ያ መልስ አይደለም። ሐዘንተኛ ማን ሞተብሽ አይባል ይሆናል፤ ምን ላድርግልሽ ግን ይባላል።"

ፊታቸውን ወደ ሱቁ በር መለሱ። ከውስጥ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል።

"ይኸ ልጄ ያኔ ከወንድምሽ ጋር ዘምቶ ግንባር ነበር" አሉኝ። "ጥቁር ለብሰሽ ስትገቢ መርዶ የደረሰሽ መሰለኝ። አፌን ከከፈትኩ ትነግሪኛለሽ፤ የወንድምሽን ከነገርሽኝ የልጄንም ሰምተሽ ይሆናል። መስማቱን ፈራሁና ቶንዶሱን አነሣሁ።"