ስማቸውን ያሳጠርኳቸው ፋይሎች

ቆቦ ፊዚክስ እያስተማርኩ፣ ለማስተርሴ የአንድ ኮከብ የኤክስሬይ መረጃ አጠና ነበር። ረጃጅሞቹ የፋይል ስሞች ቢያስጠሉኝ ሁሉንም አሳጠርኳቸው። ምን አቀበጠኝ! ውጤቱን ለአማካሪዬ በላክሁ በሳምንቱ፣ መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ መረጃውን ሶፍትዌሩ ላይ እንደገና ስጭን፣ ሁልጊዜ ሳላነብ የማልፋት አንዲት መስመር ዓይኔ ውስጥ ገባች፤ «የዳራው ፋይል አልተገኘም» ትላለች። ዳራ የምንለው ከኮከቡ ዙሪያ የሚመጣውን ጨረር ነው፤ ከልኬቱ መቀነስ ነበረበት። የኮከቡ ፋይል ግን ለካ የዳራውን ፋይል እስካሁን ውስጡ በተጻፈው በድሮ ስሙ ሲፈልገው ኖሯል። የቆቦ ፀሐይ ያላወጣችው ላብ አጠመቀኝ። የኮከብ ነው ብዬ ከጻፍኩት ጨረር ግማሹ የባዶ ሰማይ ነው።

ልነግራቸው ስልኬን ሳነሳ አማካሪዬ ቀድመው ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ያገኘኸው ነገር ቀላል አይደለም» አሉኝ። «ለዲፓርትመንቱ በሙሉ አሳይቼዋለሁ።»