“አንቺ” የሚላት ጠፋ

አክስቴ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው ባሏ ወደ ሌላ አጥቢያ የተዛወረው። ባሏ መጋቢ ስለሆነ ዕቃ መሸከፍ ለምዳለች። ይህኛው ዝውውር ግን ከበደባት። ትታ የመጣችው ከተማ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ኖራለች፤ ሁለት ጓደኞቿም እዚያው፣ በአውቶቡስ የአሥራ አንድ ሰዓት መንገድ ርቀው ቀርተዋል። አንዷ አዋላጅ ናት፣ ሌላዋ የሒሳብ መምህርት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም አዋላጇ ቤት አይጠፉም ነበር። መምህሯ ፈተና እያረመች፣ አዋላጇ ቆሞ የዋለ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ አክስቴ የባሏን ካልሲ እየሰፋች ወሬያቸውን ይሰልቃሉ። አንድ ጊዜ አዋላጇ፣ “አንቺ፣ ድምፅሽ እኮ አያምርም፤ ከመዘምራኑ ለምን አትወጪም?” አለቻት። አክስቴ ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ከመዘምራኑ ወጣች። “እውነቷን ነው፤ ሌላው ሰው አፍሮ ነው እንጂ” አለች።

አዲሱ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፤ የወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት የባሏን ቢሮ በር ያያል። ምዕመናኑ ደጎች ናቸው። ዕቃ አወረዱ፣ መጋረጃ ሰቀሉ፣ ቧንቧውን አስጠገኑ። ነገር ግን ሁሉም “እርስዎ” ይሏታል። እናቷ የሚሆኑ ሴትዮ እንኳ ስትገባ ብድግ ይሉላታል። ስትቀልድ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ፤ ቀጥሎ ምክር የሚመጣ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን “ራሴን አመመኝ” ብትል በማግስቱ ሦስት እናቶች ሊጠይቋት መጡ፤ እሑድ ደግሞ ጉባኤው በሙሉ ጸለየላት። ከዚያ ወዲህ ራስ ምታቷን ለራሷ ያዘች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች። መጀመሪያ አካባቢ ስልኩ ጆሮዋ ላይ እስኪግል ያወሩ ነበር። እያደር አዋላጇ ተረኛ ሆነች፣ መምህሯ ስብሰባ በዛባት። አንድ ቅዳሜ ሁለቱ አብረው ሆነው በሳቅ ሲፈርሱ ሰማች።

“ምንድን ነው? ንገሩኝና ልሳቅ!”

“ተይው ባክሽ” አለች መምህሯ፣ “ካላየሽው አያስቅም።”

ስልኩን ዘግታ ስታለቅስ ባሏ ደረሰ።

“ምነው? ማን አስቀየመሽ?”

“የሚያስቀይመኝ ሰው እንኳ አጣሁ።”

“እኔ አለሁ አይደል?”

“አንተማ ባሌ ነህ። አንተን ለማን ላማህ?”

ባሏ ሳቀ፤ እሷ ግን ከልቧ ነበር። ፊቷን ታጥባ፣ “በቃኝ” አለች። “ተቀምጬ አልጠብቅም።”

በቤተ ክርስቲያኑ የፊት ረድፍ አረጋውያን የሚቀመጡባቸው ሠላሳ ስድስት ወንበሮች ነበሩ፤ ጨርቃቸው ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ “ሠራተኛ እንፈልጋለን፣ እርስዎ አይድከሙ” ቢሏትም ሰኞ ጠዋት አንዱን ወንበር አንጠልጥላ ከግቢ ወጣች። መንገድ ላይ ሊቀበሏት የሮጡትን “ተዉኝ” እያለች ሶፋ የሚጠገንበት ቤት ደረሰች።

የቤቱ ባለቤት ሰፈሩ “ጉጠት” የሚላት ሴት ናት፤ የያዘችውን ስለማትለቅ። ቤተ ክርስቲያን አትሄድም፤ የመጣችው ማን እንደሆነችም አላወቀችም።

“እዚያ ጣይው” አለች ቀና ሳትል።

“እንድትሠሪልኝ አልመጣሁም። ሙያውን አስተምሪኝ።”

ጉጠት አሁን ቀና አለች። “ዓይንሽ ያያል?”

“መነጽር አለኝ።”

“አድርጊዋ ታዲያ!”

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት አሮጌ ምስማር ስትነቅል ከረመች። ከዚያ ስፖንጅ መቁረጥ፣ ከዚያ ጨርቅ መወጠር። የመጀመሪያ ወንበሯን ጉጠት ሦስቴ አስፈታቻት። “ሳትወጥሪ ምስማር ትመቻለሽ! ይሄ ወንበር ነው ወይስ የታጠፈ ብርድ ልብስ?” የአክስቴ አውራ ጣት በመዶሻ ጠቆረ። ግን አንድም ቀን አልቀረችም።

አንድ ቀን ሰብሳቢው ለጉዳይ ሊጠሯት መጡና በሩ ላይ እጅ ነሱ። “እትዬ፣ መጋቢ ይፈልጉዎታል።” ሲሄዱ ጉጠት መዶሻውን አስቀመጠች።

“የመጋቢ ሚስት ነሽ?”

አክስቴ “አሁን ይህችም ብድግ ልትልልኝ ነው” ብላ ሰጋች። “አዎ።”

ጉጠት ወንበሩን ገልብጣ አየችው። “እና ይሄን ሁሉ ጠማማ ምስማር ስትመቺ ትንሽ አታፍሪም?”

አክስቴ ጎኗን ይዛ ሳቀች። አዲሱ ከተማ ከገባች ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም። ያን ቀን ስለ ጓደኞቿ ሁሉንም ነገረቻት። ጉጠት አላባበለቻትም። “ሂጂና እያቸዋ። መንገዱን ማን ዘጋብሽ?”

የመጋቢ ሚስት እሑድ ስትቀር ደግ አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። “አንድ እሑድ ነው፤ እኔ ቀርቼ ብትታመሙ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ” ብላቸው ሄደች። አዋላጇ ቤት ሁለቱ ጓደኞቿ የጠቆረ ጣቷን እያዩ ሳቁባት። ደስ አላት፤ ግን ከሚያነሷቸው ሰዎች ግማሾቹን አታውቃቸውም፣ እነሱም ጉጠትን አያውቁም። ስትመለስ እስከ መንገዱ አጋማሽ አለቀሰች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀት አወጣችና ለቀጣዩ ጉዞዋ ቀን ቆረጠች። በየሦስት ወሩ መሄዷንም አላቋረጠችም።

ወንበሮቹ በአሥር ወር ተጠግነው አለቁ። አረጋውያኑ ሲቀመጡ “እፎይ” ማለታቸው እስከ መድረኩ ይሰማል ይላል ባሏ።

በሦስተኛው ዓመት አዋላጇ ጡረታ ወጥታ ሁለት ሳምንት ልትከርም መጣች። ከጉጠት ጋር አልተዋደዱም። አንዷ “ይቺ ሴትዮ ስታወራ ትጮሃለች” ትላለች፣ ሌላዋ “ጓደኛሽ እጇን ታጥባ አትጠግብም።” አክስቴ ለሁለቱም “እሺ” እያለች መሐላቸው ተቀምጣ በደስታ ወፈረች። አዋላጇ የምትሄድ ዕለት ጉጠት መናኸሪያ ድረስ መጣች። በብብቷ የያዘችውን ወፍራም ትራስ በአውቶቡሱ መስኮት አቀበለቻትና፣ “ለወገብሽ ነው” ብላ ምስጋና ሳትጠብቅ ዞራ ሄደች።