ይታየሽ «እህቱ ናት» ያለች ቀን

ይታየሽ እስራኤል ውስጥ ኪርያት ማታሎን ባለው የሰላጣ ፋብሪካ የተጠበሰ ደበርጃን ስትልጥ ዓመታት አልፈዋል። ጓንት ብታጠልቅም ጥፍሯ እንደጠቆረ ነው። የተወለደችው ሽሬ አካባቢ ነው። አማርኛውን ከጎንደሬ ጎረቤቶቿ፣ ዕብራይስጡን ከአለቃ ጩኸት ለቀመችው፤ ትግርኛ ግን የእናቷ ቋንቋ ነው። ይህን ፋብሪካው ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለ ራሷ ማውራት አትወድም። ሰው ስለ አንቺ ባወቀ ቁጥር የሚይዝሽ እጀታ ይበዛል ትላለች።

ወለል የምታጥብ ለተብርሃን የምትባል ኤርትራዊት ስደተኛ ነበረች። አንድ ቀን ባልዲው ተደፍቶ የፈላ ውሃ እግሯን ሲያገኛት «ወይ አነ!» ብላ በትግርኛ ጮኸች። ይታየሽ ምላሷን ሳትይዘው «አይዞኺ» አለቻት።

ለተብርሃን ግን ደስ አላላትም። መወልወያዋን አነሳችና ወደ ሌላው ጥግ ሄደች። ከዚያ ወዲያ በአጠገቧ ባለፈች ቁጥር በጎን ታያታለች። ይታየሽ ነገሩ ገባት። ትግርኛ የምታውቅ፣ ማወቋንም የምትደብቅ ሴት፣ የማን ጆሮ ናት? በእሷ ቦታ ብትሆን ራሷም እንዲሁ ታስብ ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ ለተብርሃን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ተከትላት ገባች።

«አደይ ይታየሽ» አለች እንደ እናት ጠርታ፣ «እርስዎ ለማን ነው የሚሠሩት?»

«ለደበርጃኑ።»

ለተብርሃን አልሳቀችም። ተኽለ የሚባል አብሯት የሚኖር ሰው አለ። ከበዓሉ በኋላ ሆሎት ግባ ተብሏል፤ ስደተኞች የሚከማቹበት በረሃ ያለ ማቆያ ነው። ለስደተኛ በነፃ ጥብቅና የሚቆም አንድ ማኅበር ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ክፋር አቭራሃም አንዲት ክፍል ይከፍታል። አስተርጓሚ ያስፈልጋታል።

«የራሳቸው የላቸውም?»

«አላቸው። ከኤምባሲያችን ሰዎች ጋር ቢራ ሲጠጣ ታይቷል።»

«እኔንስ ታምኚኛለሽ?»

«አላምንም» አለች ለተብርሃን። «ግን አይሁዳዊት ነዎት። የኛ መንግሥት እርስዎን ከየት አምጥቶ ይቀጥራል?»

ይህ መልስ ይታየሽን ደስ አላት። ቢያንስ ሽንገላ የለበትም።

ማታ ራማት ቬርበር ሰፈር ካለው ቤቷ ገብታ ለባሏ ለረዳ ነገረችው። ረዳ ከጥበቃ ሥራ ጡረታ ወጥቶ አሁን የሚጠብቀው ቴሌቪዥኑን ነው።

«በነፃ?» አለ። «እዚህ አገር በነፃ የሚሰጥሽ የማስታወቂያ ወረቀት ብቻ ነው።»

«ፈቃደኞች ናቸው አሉ።»

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ። ስምሽን ብቻ እንዳትሰጪ።»

«መቼ ሰጥቼ አውቃለሁ?»

«እውነትሽን ነው፤ ለኔ እንኳ ስንት አማላጅ ልኬ ነው የነገርሽኝ» ብሎ ሳቀ።

ሁለቱም የሚያስቡት ስለ ሱዳን ነበር። ወጣት ባልና ሚስት ሆነው ወደዚህ አገር ሲመጡ ገዳሪፍ አጠገብ ካምፕ ውስጥ ቆይተዋል። ፖሊስ ቤተሰብ ይዘው የሚጓዙ አይሁዶችን እያደነ ይይዝ ነበር። አብረዋቸው የነበሩ ሽማግሌዎችም «ባልሽን ወንድሜ ነው በይ፤ ጥጥ ለቀማ የመጣን ነን በይ» ብለው መከሩ። ድምፁ እንደ ማር የሆነ አንድ መኮንን ነበር። «ባል ካለሽ ንገሪኝ፣ እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ» ይላል። ጎረቤታቸው ፋንትነሽ አምናው ነገረችው። ባሏን እውነትም አመጣላት፤ ውስጥ እግሩ ተገርፎ መቆም አቅቶት። ይታየሽ ግን «ወንድሜ ነው» ብላ አለፈች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ።

ሐሙስ ዕለት ይታየሽና ለተብርሃን አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ድንበር ላይ ስትመዘገቡ ምን ብላችሁ ነበር?» አለች ይታየሽ።

«እኔም ብቻዬን፣ እሱም ብቻውን። ደላሎቹ እንደዚያ በሉ አሉን። ልጃችን የተወለደችው እዚህ ነው፤ የተመዘገበችው በኔ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው እዚያው ላይ ርጊ። ዛሬ ሌላ ብትዪ ዋሽታለች ይሉሻል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ለተብርሃን ራሷን ነቀነቀች። ለአንድ ጊዜ ተስማሙ።

ክፋር አቭራሃም ሲደርሱ የተቀበለቻቸው ጠበቃ ሚሪ ትባላለች። ጫማዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ይታየሽ ባዶ እግሯን የተቀመጠች ጠበቃ አይታ አታውቅም። ያለ ልክ ማዘኗም፣ ውሃ ጠጡ ማለቷም አልጣማት። ሚሪ በዕብራይስጥ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ሚስት አለው? ልጅስ? እሷ ምኑ ናት?»

ድምፅዋ ማር ነበር። ይታየሽ ለለተብርሃን አልተረጎመችም፤ ራሷ መለሰች።

«እህቱ ናት።»

የሚሪ ፊት ጨለመ። ስልኳን አንስታ ለባልደረባዋ ተናገረች። «ብቻውን ነው፤ እህት ብቻ አለችው። ማመልከቻውን በጤና ምክንያት ብለሽ አሁኑኑ ላኪው፣ የኢሚግሬሽን ቢሮው ሊዘጋ ነው።» ስልኩን ዘግታ ወደ ይታየሽ ዞረች። «ተስፋ የለውም ብለሽ ንገሪያት። ሚስትና ልጅ እዚህ ቢኖሩት ኖሮ አይልኩትም ነበር። አባት የሆኑትን ይተዋሉ።»

ይታየሽ ያ መኮንን ትዝ አላት። ባል ካለሽ ንገሪኝ፣ እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ። ያው ቃል ነው፣ ያው ወጥመድ። ግን ደግሞ ይህቺ ልጅ ጥያቄዋን ከጨረሰች በኋላ፣ መልሱን ከላከች በኋላ ነው የተናገረችው። ወጥመድ አጥማጅ ወፉ ካመለጠ በኋላ ወጥመዱን ያሳያል?

«ምን አለች?» አለች ለተብርሃን። «ኢሻ ስትል ሰምቻለሁ። ሚስት ማለት ነው። ምን አለችዎት?»

ይታየሽ አንድ ቃል ሳትቀንስ ነገረቻት። «እህቱ ናት» ማለቷንም ጨመረች።

«እኔ አላምናትም» አለች መጨረሻ ላይ። «ባልየው ያንቺ ነው። አንቺ ምረጪ።»

ለተብርሃን ለረጅም ጊዜ አየቻት። የምትፈልገው ጠበቃዋን መመዘን ሳይሆን ይታየሽን መመዘን ይመስል ነበር። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ስልኩ ላይ ባለው ፎቶ ተኽለ ሕፃን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ይስቃል። የሕፃኗ ግንባር ቁርጥ የእሱ ነበር።

«ባለይ» አለች ለተብርሃን። «ባሌ።»

ሚሪ እግሯን ከወንበሩ አወረደች። አሁን ድምፅዋ ማር አልነበረም።

«ቅድም እህት፣ አሁን ሚስት። ነገ ማን ልትሆን ነው? ውጭ ተራ የሚጠብቁትን አያችኋቸው? እኔ አንድ ጊዜ ውሸት ይዤ ከተገኘሁ የእነሱንም ማንም አይሰማኝም።»

ይታየሽ ይህን ቁጣ ስትሰማ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ልቧ ትንሽ ረጋ። ያ መኮንን ተቆጥቶ አያውቅም ነበር።

«እሷ አፏን አልከፈተችም» አለች። «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

በዕብራይስጥ ስለ ገዳሪፍ ተናግራ አታውቅም፤ ቃሉም በቅጡ አልነበራት። እንዳገኘች ነገረቻት። ሚሪ እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ አላባበለቻትም።

«በሰደር» አለች በኋላ፤ እሺ ማለቷ ነው። «የተላከውን የማቃናው አስተርጓሚዋ ስህተቱ የኔ ነው ብላ ስትፈርም ነው። ሙሉ ስም፣ አድራሻ። ከተጠራሽም ቀርበሽ ትናገሪያለሽ።»

ለተብርሃን ባይገባትም የይታየሽን እጅ ታይ ነበር። ያ የጠቆረ ጥፍር ያለው እጅ ጠረጴዛው ላይ ቆየ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳ።

ማታ ረዳ ሲሰማ ራሱን ያዘ።

«ስምሽን ሰጠሽ?»

«ሰጠሁ።»

«ቤታችንንም?»

«ቤታችንንም።»

«በይ እንግዲህ፣ ምንጣፉን ጥረጊ፤ እንግዳ መምጣቱ አይቀርም።»

ከዚያ ወዲያ የማያውቁት ቁጥር ሲደውል አያነሱም። ለተብርሃንም ፋብሪካ ውስጥ ሰላም ብላ ከማለፍ በቀር አልቀረበችም። አንድ ቀን ይታየሽ ስለ ነገሩ ልትጠይቃት ብትሞክር «ገና ነው» ብላ ወለሏን ማጠቧን ቀጠለች። በዓሉ አለፈ። ለተብርሃን ከሥራ ቀረች፤ በማግሥቱም አልመጣችም። ይታየሽ ተኽለን ወሰዱት አለች በልቧ። ስሜን ወስደው እሱንም ወሰዱት። ደበርጃኑን ትልጣለች እንጂ ምን ታደርግ።

ዓርብ የሰንበት ሻማ ሳይበራ በሩ ተንኳኳ። ረዳ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ በእግር ጣቱ ሄዶ በበሩ ቀዳዳ አጮለቀ።

«ሦስት ናቸው» አለ በሹክሹክታ። «አንደኛው ወንድ ነው። አትክፈቺ።»

«ማነው?» አለች ይታየሽ።

«ለተብርሃን ነኝ» አለ ከውጭ ድምፅ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብሎ። «ከባሌና ከልጃችን ጋር ነኝ።»

ረዳ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ቤታችንን ለነዚህ ደግሞ ማን ነገራቸው?»

ይታየሽ እሱን ገፋ አድርጋ መቀርቀሪያውን ሳበችው።