ስኳሯን የሚቀበል መድን

ሰፈርተኛው ሁሉ «እታለም» የሚላት ሴት ዕድሜዋን የገፋችው ላውንደሪ ቤት ውስጥ፣ ካውያ ጨብጣ ነው። ስኳሩም ደም ግፊቱም እዚያው እንፋሎት መሃል እንደቆመች ያዟት። ያኔ ግን ብዙም አላስጨነቋት፤ ሕክምናዋን የመሥሪያ ቤቷ መድን ይችልላት ነበር። ላውንደሪው ሲዘጋ ሥራውም መድኑም ተያይዘው ሄዱ።

ባሏ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ ዘዴ አያጣም። አዲስ መድን ልትፈልግ ስትወጣ፣ «ስሚ፣ ሲጠይቁሽ ጤነኛ ነኝ በይ። ሆድሽን ከፍተው አያዩ!» አላት።

«ሆዴን ባይከፍቱ ደሜን ይመረምራሉ፣ አንተ ሰው።»

መጀመሪያ በገባችበት ቢሮ የተቀበላት ፈገግታ የማይሰስት ወጣት ነበር። ርካሹን ውል ዘረጋላትና፣ «እናቴ፣ የቆየ ሕመም አለብዎት?» አላት። «የለብኝም» አፏ ድረስ መጣ። ዋጠችው።

«ስኳር አለብኝ። ግፊትም።»

የልጁ ፈገግታ ደብዘዝ አለ። «እነሱን አይሸፍንም። ከነሱ የሚመጣውንም፤ ዓይን፣ ኩላሊት፣ እግር…»

«ታዲያ ምኔ ተረፈ፣ ልጄ?»

«ለምሳሌ መኪና ቢገጭዎት…»

«እሱንስ ግራ ቀኝ አይቼ እሻገራለሁ» ብላ ተነሣች። ደረጃውን ስትወርድ ሣቋ መጣ፤ ታች ስትደርስ ግን የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

ሁለተኛው ቢሮ ሁሉንም ይሸፍናል፤ ክፍያው ግን ከቤት ኪራይዋ ይበልጣል። ወደ ቤቷ እግሯን እየጎተተች ስትመለስ ያገኛት ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው ነው የሙያተኞች ማኅበር መድን እንዳለው የነገራት።

«ካውያም ሙያ ነው፤ እኔን ከነአስሜ የተቀበሉ አንቺን አይመልሱሽም» አላት።

እውነቱን ነበር። ተቀበሏት። ግን ለነባር ሕመም ስድስት ወር ያስጠብቃሉ፤ የሚያሳክሙትም ከከተማው ዳር ባለ አንድ ክሊኒክ ብቻ ነው። እሷን ያስከፋት ርቀቱ አልነበረም። ገና ስትገባ ፊቷን አይታ ስኳሯ መውጣት አለመውጣቱን የምታውቅላት ሐኪሟ ቀረች ማለት ነው።

ልትሰናበታት ሄደች። ሐኪሟ መድኃኒቱን ወደ ርካሹ ዓይነት ለወጠችላትና፣ «እንዳታቋርጪ ብቻ፣ አደራ» አለቻት።

መድኃኒቱን ከኪሷ እየገዛች ስድስቱ ወር እንደምንም አለፈ። ባሏም ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረ። ለምን ስትለው፣ «ለዚህ ቤት የአንቺው ስኳር ይበቃል» አለና ፊቱን አጨማዶ ፉት አለ።

አዲሱ ክሊኒክ በሄደችበት ቀን ነርሷ ባዶ ካርድ አወጣች። «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ እስቲ፤ መቼ ነው የጀመረዎት?»

እታለም የመጣችው ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ነው። መልሱን ስንት ጊዜ ተናግራዋለች! ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ያበጡ እግሮቿን ቀዝቃዛው ወለል ላይ አሳረፈች፤ ትንሽ ተነፈሰችና እንደ አዲስ ማውራት ጀመረች።