ቤት ሳይመታ

ባለፈው እሑድ እዚህ ጀርመን፣ ቦናመስ በሚባለው ሰፈር ባለው አዳራሽ ደጃፍ ሳልፍ የሳምቡሳ ዘይት ሸተተኝ፤ ከውስጥ ጭብጨባ ይሰማል። ዛሬም አልተዉትም ማለት ነው።

በዘጠናዎቹ እዚያው አዳራሽ «የባህል ቀን» የሚሉት ነገር ነበር። ጎረቤታችን፣ ፓኪስታናዊው ሽማግሌ፣ በአገራቸው አስተማሪና የኡርዱ ገጣሚ ነበሩ። ትምህርት ዘግይቼ በመጀመሬ ጀርመንኛዬን የሚያርሙልኝ እሳቸው ነበሩ። «እኛ ግጥሙን ‹በይት› እንለዋለን» ሲሉኝ፣ «እኛም ሲገጥም ቤት መታ እንላለን» ብያቸው ደስታቸውን አልረሳውም።

ያን ቀን፣ ከተሰደዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራሳቸው ወደ ጀርመንኛ የመለሱትን ግጥም በሰው ፊት ሊያሰሙ ቆሙ። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ ወጋቸው ደገሙት። ሰሚው እንዲጓጓ ነው፤ ቤት የሚመታው በሁለተኛው ነዋ! የመድረኩ መሪ ግን ቀጣዩ የጠፋባቸው መሰላትና አዘነችላቸው። «ብራቮ!» ብላ አጨበጨበች። አዳራሹ ተከተላት። ቅኔ ሲሰሙ «ይደገም!» እያሉ ያደጉት የእኛዎቹ ከሁሉ ባሱ።

«ግሩም ነው! ሳምቡሳው የታለ?» አለ አንዱ።

መምህሩ እጅ ነስተው ወረዱ። ስንወጣ፣ «ሁለተኛውን ለእኔ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ደወል ከተደወለ በኋላ አላስተምርም፣ ልጄ።»

«ደዋዮቹ እኮ ደንቆሮዎች ናቸው!»

«ስንት ደንቆሮ ክፍል አስተምሬያለሁ። እነዚያ ግን አያጨበጭቡም ነበር።»

ሁለተኛውን ስንኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ያጨበጨቡት ግን ግጥሙን ሰምተናል ብለው ይምላሉ።