እየታየ ነው ያልኳቸው አዛውንት

ቢሮ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። ማክሰኞ ማክሰኞ ስለሚመጡ «ጋሼ ማክሰኞ» ብለናቸው ቀረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሳቸው ይህን አያውቁም። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ስለ እሳቸው የምጽፈው ሙያ ይሆነኛል ብዬ አይደለም፤ ህሊናዬ አላስቀምጥ ስላለኝ ነው።

እኔ የአንድ የምክር ቤት አባል ጸሐፊ ነኝ። አለቃዬን ሁላችንም «የተከበሩ» ነው የምንላቸው፤ ሚስታቸው እንኳ ስትደውል «የተከበሩ አሉ?» ትላለች፣ ለቀልድ። ቢሮው ሁለት ክፍል ነው። የውስጠኛው የእሳቸው ነው፣ የውጪው የእኔና የባለጉዳይ። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ማኅደሮች ተደርድረዋል፦ ጸጥታ፣ ሥራ፣ ማኅበራዊ ጉዳይ። የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ማኅተም ይመታበትና ከሦስቱ ወደ አንዱ ይገባል። ለሦስቱም ያልተመቸ ወደ ታችኛው መሳቢያ ይወርዳል። ከዚያ የወጣ ደብዳቤ አላስታውስም።

ጋሼ ማክሰኞ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ሲቀይሱ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ሜትሩ አልወጣም። ሰፈር ውስጥ ያዩትን ሁሉ ይለካሉ። «ከፋርማሲው ጥግ እስከ ተከፈተው ጉድጓድ አሥራ አራት ሜትር ከሃያ» ብለው ደብዳቤ የሚጀምሩ ሰው ናቸው። ስለ ውሾች ጽፈዋል፤ ስለ ጠፋ የመንገድ መብራት ጽፈዋል፤ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ስለሚውሉ ሥራ አጥ ወጣቶች ከነቁጥራቸው ከነሰዓቱ ጽፈዋል። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗል። ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ከቦዩ ማዶ ባለው ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋ ነበር፣ አባቷን የምታኖረውም እሷው ናት።

ሲመጡ ጫማቸው ተወልውሎ፣ ሸሚዛቸው በደንብ ተተኩሶ ነው። አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤያቸውን፣ አንዳንድ ማክሰኞም ሁለት አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ያቀብሉኛል።

«ልጄ፣ ያለፈውስ እንዴት ሆነ?»

«እየታየ ነው ጋሼ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ምን ታደርጉ፣ ሥራ በዝቶባችሁ ነው።»

በሩ ሳይዘጋ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ነው። አንዳንዱን ለሾፌራችን ጮክ ብዬ አንብቤለት እንባችን እስኪወርድ ስቀናል። «እኚህ ሰው ሰማዩን ሳይለኩት አይሞቱም» ይለኝ ነበር። አብዛኛውን ግን አልገለጥኩትም። ጀርባው ላይ ማኅተም መትቼ፣ ፈርሜ እወረውረዋለሁ።

የስድስት ወር ሪፖርት ደረሰ። የተከበሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሄ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። በዚያ ስድስት ወር ገበያው አጠገብ የፖሊስ ጣቢያ እንዲከፈት ደጅ ጠንተዋል፣ ለወጣቶች የብየዳና የእንጨት ሥራ ቦታ አስፈቅደዋል፣ ለጧሪ አልባ አዛውንቶች ነጻ ሕክምና እንዲሰጥ ምክር ቤት ውስጥ ተሟግተዋል። ይህ ሁሉ ተጽፎ አልቆ የቀረው የአቤቱታ ቁጥር ነበር።

«ስንት መጣ? ለስንቱ መልስ ሰጠን?» አሉኝ።

«መቶ አሥራ ሁለት መጥቷል። ስልሳ አንዱ መልስ አግኝቷል።»

«ግማሹ ብቻ?» ቅር አላቸው። «እስቲ ደህና አድርገሽ እይው።»

ዋሺ አላሉኝም። ደህና አድርገሽ እይው ነው ያሉኝ። እኔ ግን መሳቢያውን ሳብኩት። የጋሼ ማክሰኞ ደብዳቤ ሠላሳ አራት ደርሶ ተከምሯል። በየሳምንቱ «እየታየ ነው» ብያቸዋለሁ፤ ታዲያ ይሄስ መልስ አይደለም እንዴ? አልኩ ለራሴ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። አንዱንም ሳላነብ ቆጠርኩና «ዘጠና አምስት» ብዬ ጻፍኩ። የተከበሩ «ጎበዝ!» አሉኝ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ሁለት ማክሰኞ ቀሩ። ምን ነካቸው ብዬ አልጠየቅኩም፤ እፎይ አልኩ እንጂ።

ሪፖርቱ ለሕዝብ የቀረበው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የተከበሩ «ከመቶ አሥራ ሁለት አቤቱታዎች ለዘጠና አምስቱ ምላሽ ተሰጥቷል» ሲሉ ተጨበጨበ። ጥያቄ ላለው ዕድል ሲሰጥ ከመሀል ጋሼ ማክሰኞ ተነሡ። ማይኩን ተቀብለው መጀመሪያ አመሰገኑ።

«ጥያቄዬ አጭር ናት። ቦዩ ላይ ያለው የእንጨት ድልድይ ሦስተኛው ጣውላ በስብሷል ብዬ ጽፌ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁለት መቶ አሥር የፋብሪካ ሴቶች ይሻገሩበታል፤ ቆሜ ቆጥሬያለሁ። ዝናብ ሳይገባ ይቀየር ነው ያልኩት። ከሦስት ሳምንት በፊት ልጄ ስትረግጠው ከዳት። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ፤ ፋብሪካውም በቦታዋ ሌላ ሰው ቀጠረ። ጣውላው አሁን ተቀይሯል፣ ለዚህም አመሰግናለሁ። እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ደብዳቤዬ የታየው በየትኛው ቀን ነበር?»

የተከበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶናል?»

ደብዳቤውን አላነበብኩትም፤ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ጋሼ ጻፍኩ ካሉ ጽፈዋል፣ ሰጠሁ ካሉ ሰጥተዋል፣ የት እንዳለም አሳምሬ አውቃለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሕዝቡ ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል፣ የተከበሩም ይጠብቁኛል።

«አይ… እኔ ጋ አልደረሰም» አልኩ።

ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ! አልተቆጡም። ማይኩን እንደያዙ ጥቂት ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቀኖቹን መልሰው የሚቆጥሩ ይመስላሉ። ከዚያ፣

«እንግዲያው ሳልሰጣት ቀርቼ ይሆናል» አሉ። «ይህቺ ልጅ ጨዋ ናት፣ የሰጠኋትን ሁሉ ታያለች። እኔ ነኝ… ዕድሜም አለ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ተቀመጡ። የተከበሩ «አይዞዎት አባቴ» አሏቸውና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።

ሰኞ ማለዳ ሰው ሳይገባ ቢሮ ገብቼ ሠላሳ አራቱንም አነበብኩ። የድልድዩ ሃያ ስድስተኛው ነው። ማኅተሜ አለበት፣ ፊርማዬ አለበት። የጣውላው ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ጣውላውን እኔው ገዝቼ፣ እኔው እመታዋለሁ። የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ያለ ፈቃድ መንካት አይገባኝም። የምለምነው የፈቃድ ወረቀት ብቻ ነው።»

የፈቃድ ወረቀት። ሁለት መስመር ጽፌ ማኅተም ብመታበት ያልቅ ነበር። የዚያን ቀን ለየትኛው ማኅደር ይሆናል ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

ወደ የተከበሩ ይዤው ገባሁ። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ከዘጠና አምስቱ ውስጥ ነው?»

«አዎ።»

«በይ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሪፖርቱ ታትሟል። ለልጃቸው ሥራ እኔ ራሴ እፈልግላታለሁ። አንቺ ግን ነገሩን አታራግቢው።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ለማለት ማን ብሎኝ! ቀጣዩ ማክሰኞ መጣ፣ ጋሼ አልመጡም። ሌላውም መጣ። ሾፌሩ «ተገላገልሽ» ሲለኝ ልመታው ምንም አልቀረኝ። በሦስተኛው ማክሰኞ ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ አድራሻቸውን ከራሱ ከደብዳቤው አይቼ ቤታቸው ሄድኩ።

በሩን ልጃቸው በግራ እጇ ከፈተችልኝ። የቀኝ እጇ ጣቶች ገና አይታጠፉም። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ሲያዩኝ ብድግ ለማለት ቃጡ። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገለጡት፣ ገለበጡት፣ ማኅተሙን አዩ።

«ሰጥቼሽ ነበር!» አሉ። ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። «ነይ እይ፣ ልጄ! ሰጥቻት ነበር እኮ! ማኅተሙ ይኸው፣ ቀኑ ይኸው! አልዘነጋሁም!»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት» አልኩ። «አዳራሹ ውስጥ አውቄ ነው የዋሸሁት። ደብዳቤዎን አላነበብኩትም ነበር። ሌሎቹንም እንደዚያው።»

የሰሙኝ አይመስለኝም። «ቆይ፣ ቆይ፣ ግልባጩ አለኝ፣ ቀኑን ላመሳክረው» ብለው ደስታውን መደበቅ እንዳቃተው ሰው እየተጣደፉ ወደ ውስጥ ገቡ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ልጃቸው ግን ሰምታኛለች።

«እጄስ ይሁን» አለችኝ፣ አባቷ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እጅ ይሰበራል። አባባን ግን ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ጃጀ ብዬ… ወጥቶ እንዳይጠፋብኝ፣ ሥራ ፍለጋ ስሄድ በሩን ቆልፌበት ነው የምወጣው። አንድ ቀን እንኳ ለምን ትቆልፊብኛለሽ አላለኝም።»

ከውስጥ ጋሼ «አገኘሁት! ማክሰኞ ነው!» ብለው ተጣሩ።